ሊቲየም እየወሰዱ ረመዳንን መጾም፦ ጅማ ያላችሁ እርዱን

ወንድሜ ለባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚዋዥቅበት የአእምሮ ሕመም) ሊቲየም ይወስዳል፤ ጠዋት 300፣ ማታ 600 ሚሊግራም። ዘንድሮ እጾማለሁ ብሏል። የሚያስፈራኝ ውሃው ነው፤ ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ሊቲየሙን ይይዘዋል፣ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን ከተጨመረበትማ ይብሳል። የቡና ሲኒ መያዝ እስኪያቅተው እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰው ወይም ከተንገዳገደ ቶሎ ሐኪም ቤት መድረስ እንዳለበት እናውቃለን።

የተቸገርነው ደሙ ውስጥ ያለውን የሊቲየም መጠን የሚለካው ምርመራ ላይ ነው። ደሙ የሚቀዳው የማታው ክኒን ከተዋጠ 12 ሰዓታት ካለፉ በኋላ፣ የጠዋቱ ሳይዋጥ ነው። የጠዋቱን ግን ወደ ሱሁር ካዞርነው ደሙ ሳይቀዳ ስለሚዋጥ ውጤቱ ይዛባል። ሐኪም መጠኑን በሙሉ ከኢፍጣር በኋላ ያደረገለት ሰው አለ? ጅማ ውስጥስ የሊቲየም መጠን የሚለካ ላቦራቶሪ ታውቃላችሁ? ረመዳን ሳይገባ ብናስለካው ደስ ይለናል፤ እባካችሁ።