ከአይፎን ወደ አንድሮይድ፣ ከአንድሮይድ ወደ አይፎን፦ ሰው ለምን ይቀይራል?

ውድ ወገኖች፣ ሰው ከአይፎን ወደ አንድሮይድ ወይም ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ለምን ይቀይራል ለሚለው ጥያቄ የበኩሌን ልመልስ። እኔ እንደማየው ሰውን ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው የሚያሻግረው ከምንም በላይ በዙሪያው ያሉት ሰዎች የያዙት ስልክ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ በፌስታይም፣ ማለትም በአፕል የቪዲዮ ጥሪ፣ የሚገናኝ ከሆነ፣ አንድሮይድ የያዘው ሰው ከ2021 ወዲህ በሚላክለት ሊንክ በብራውዘር መግባት ቢችልም ጥሪውን ራሱ መጀመር ስለማይችል ሁልጊዜ ተጋባዥ ሆኖ ይቀራል። ይህ ቀላል የሚመስል መገለል ከካሜራም ከፍጥነትም በላይ ውሳኔ ሲያስለውጥ አይቻለሁ።

ወደ አንድሮይድ የሚሄዱት በአመዛኙ ሰፊ ምርጫ የሚፈልጉ ናቸው፤ ሲስተሙን ብዙ አምራቾች ስለሚጠቀሙበት በዋጋም በዓይነትም አማራጩ ብዙ ነው። ቀድሞ ብዙዎችን ያስመርር የነበረው አፕዴት (የስልኩ ሶፍትዌር ማሻሻያ) ቶሎ መቋረጡ ነበር። ጎግል በ2023 ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ደግሞ በ2024 ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ስለገቡ፣ ለእነዚህ ስልኮች ይህ ቅሬታ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ርካሽ ስልክ የምትገዙ ግን አፕዴቱ እስከ መቼ እንደሚቆይ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የደህንነት አፕዴት በማያገኝ ስልክ ላይ የባንክ መተግበሪያ መጠቀም አደጋ አለው።

አጥብቄ የማሳስበው ከአይፎን የሚወጡትን ነው። ሲም ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አይሜሴጅን፣ ማለትም የአፕልን የመልእክት አገልግሎት፣ አጥፉት። ካልጠፋ ቁጥራችሁ አፕል ዘንድ እንደተመዘገበ ስለሚቆይ፣ አይፎን የያዘ ወዳጃችሁ የሚልከው መልእክት አዲሱ ስልካችሁ ላይ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል፤ እሱ መልስ ይጠብቃል፣ እናንተ መላኩንም አታውቁም። ስልኩ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ያስታወሳችሁ እንደሆነ፣ አፕል ቁጥሩን ከመዝገብ የሚያስወጣበት ድረ ገጽ አለው።

የዋትስአፕ መልእክቶችም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንድሮይድ ባክአፑን (የመልእክቶቹን መጠባበቂያ ቅጂ) ጎግል አካውንት ላይ፣ አይፎን አይክላውድ በሚባለው የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ስለሚያስቀምጡ አንዱ የሌላውን መክፈት አይችልም፤ ስለዚህ ዝውውሩ ተጠናቆ የድሮ መልእክቶቻችሁን በአዲሱ ስልክ ላይ በዓይናችሁ ሳታዩ በአሮጌው ስልክ ላይ ያለውን አትሰርዙ፣ ስልኩንም ለሰው አትስጡ። በአንዱ መደብር የተገዛ መተግበሪያም ብዙውን ጊዜ በሌላው እንደገና ይገዛል፤ በየወሩ የሚከፈልባቸውን ደግሞ በቀድሞው አካውንት ገብታችሁ ካልሰረዛችኋቸው ክፍያው ይቀጥላል።