የድምፅ ፕሮሰሰሩን የመግቢያ መጠን በቶን (በማይዋዥቅ የሙከራ ድምፅ) ልለካው ወይስ በንግግር?

በአንድ አነስተኛ የማኅበረሰብ ኤፍኤም ጣቢያ የቴክኒክ ክፍል እሠራለሁ። የአናሎግ ሚክሰራችን ቪዩ ሜትር (የድምፅ መጠን የሚያሳየው ባለመርፌ መለኪያ) ዜሮ ላይ ሲቆም ከመውጫው 4 ዲቢዩ (የሲግናል ቮልቴጅ መለኪያ) መውጣት ስላለበት፣ 400 ኸርዝ ቶን ልኬ በመልቲሜትር ስለካው 1.23 ቮልት፣ ማለትም ያንኑ መጠን፣ አግኝቻለሁ፤ በ1 ኪሎኸርዝ ያልሞከርሁት ርካሽ መልቲሜትር በዚያ ላይ ስለማይታመን ነው። ፕሮሰሰሩን (ድምፁን ወደ ማስተላለፊያው ከመሄዱ በፊት የሚያስተካክለውን መሣሪያ) በቅርቡ ስንቀይር፣ ይኸው ቶን በመግቢያው ሜትር ላይ ከዲጂታሉ ጣሪያ (ድምፁ ሳይሰነጠቅ ሊደርስበት ከሚችለው ከፍተኛ መጠን) 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቆም አስተካከልሁት።

ከኮምፒውተር የሚሄደው ሙዚቃ እንከን የለበትም። በቀጥታ ዜና ጊዜ ግን አንባቢዋ «ኢትዮጵያ» ባለች ቁጥር «ጵ» ላይ የፕሮሰሰሩ መግቢያ ቀይ መብራት ብልጭ ይልና ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የሚክሰሩ መርፌ በዚያች ቅጽበት ዜሮን እንኳ አያልፍም። ቪዩ ሜትር ወደ 300 ሚሊሰከንድ ገደማ አማካይ የሚያሳይ በመሆኑ፣ አጭሩን ጫፍ አለማየቱ አያስገርምም።

መግቢያውን በ10 ዴሲቤል ስቀንሰው መሰንጠቁ ጠፋ፤ ሆኖም ቀድሞ 10 ዴሲቤል ያህል ይቀንስ የነበረው ኤጂሲ (ድምፁን በራሱ ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚያመጣጥነው ክፍል) ቅነሳው ወደ ዜሮ ስለተጠጋ፣ ለስለስ አድርገው የሚናገሩ እንግዶች ከሙዚቃው አንጻር ደክመው ይሰማሉ። የማይክሮፎኑን ርቀትና የፖፕ ፊልተሩን ፈትሻለሁ፤ ለውጥ የለም። መሣሪያው የመግቢያ መጠንና የኤጂሲ ድራይቭ (ወደ ኤጂሲው የሚገባው መጠን) ለየብቻ የሚስተካከሉበት ነው።

ታዲያ ቶኑን ከጣሪያው በ18 ወይም በ20 ዴሲቤል ዝቅ አድርጌ የጎደለውን በኤጂሲው ድራይቭ ልመልሰው፣ ወይስ ቶኑን ትቼ መግቢያውን በአንባቢዋ ድምፅ ጫፍ ልለካው?