የጄምስ ዎንግ ሃው ምሽት፦ ረቂቁን እንጨርስ

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ስለ ሃው ምሽት ሐሙስ ለሥራ አስፈጻሚው የምናስገባው የዝግጅት ሐሳብ እስካሁን ይሄው ብቻ ነው፦ «በ1899 ቻይና ተወልዶ በአምስት ዓመቱ አሜሪካ የገባ፣ በ1917 ሆሊውድ ውስጥ የካሜራ ክፍል እየጠረገ ጀምሮ ሁለት ኦስካር የወሰደ ሲኒማቶግራፈር (የፊልም ካሜራ ባለሙያ)።» ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ምን እንጨምር?

የመብራት ባለሙያው፦ ይሄ እኮ ሲቪ ነው። በጥቁሩ የከፋይ ጨርቅ እንጀምር። የያኔው ፊልም ቀይን ጥቁር፣ ውሃ ሰማያዊን ነጭ አድርጎ ነበር የሚያወጣው። የተዋናይቷ ሜሪ ማይልስ ሚንተር ዐይን ውሃ ሰማያዊ ስለሆነ ፊልም ላይ ሲወጣ የዕውር ይመስል ነበር። ሃው ፎቶ ሲያነሳት ግን ጠቆር ብሎ ወጣ፤ ለካ ጥቁር ጨርቅ ዐይኗ ውስጥ እየተንጸባረቀ ነው። ከዚያማ ከፋይ ወጥሮ፣ ለሌንሱ ቀዳዳ አበጅቶለት ካሜራው ዙሪያ ሰቀለው። ስሙ የወጣው በዚያ ነው።

አዲሷ አባል፦ ሰማያዊ ዐይን ከየት እናመጣለን ታዲያ?

የመብራት ባለሙያው፦ ዐይን ምን ያደርጋል፣ ቀይና ውሃ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጠላ ይዘሽ ነይ። በስልክ አንስተን የሰማያዊውን ቻናል፣ ማለትም ሥዕሉ ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ይዘን ሌላውን ብናጠፋ ቀዩ ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ከነጩ ጋር ይመሳሰላል። ሕዝቡ ዐይኑ እያየ!

ሰብሳቢ፦ ግሩም፤ ብቻ ብልሃቱ ሰውየውን እንዳይውጠው። ቻይናዊ ነው ተብሎ እስከ 1943 ዜግነት ተከልክሏል። በ1937 ፓሪስ ላይ ደራሲዋን ሳኖራ ባብን ቢያገባም፣ ነጭና እስያዊ እንዳይጋቡ የሚከለክለው የካሊፎርኒያ ሕግ እስከ 1948 አልወደቀም። ይሄ ራሱን የቻለ ንግግር ይገባዋል።

አዲሷ አባል፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ንግግር ከሆነ ሰው ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። በ1947 «ቦዲ ኤንድ ሶል» የተባለው የቦክስ ፊልም ላይ ጎማ ያለው መንሸራተቻ ጫማ አድርጎ፣ ካሜራውን በእጁ ይዞ፣ ሪንግ ውስጥ እየተገፋ ቡጢውን ቀርጿል። ራሱም በወጣትነቱ ቦክሰኛ ነበር። ያንን ትዕይንት እያሳየን «ይህን ሲቀርጽ ካሊፎርኒያ ትዳሩን አታውቅለትም ነበር» ብንልስ?

ሰብሳቢ፦ ይሁን፣ ተረታሁ።

የመብራት ባለሙያው፦ መንሸራተቻውን ግን እዚህ አንሞክርም። ባለፈው የወደቀው ሌንስ ዕዳው ገና አላለቀም።

ጸሐፊ፦ ጻፍኩ፦ ነጠላና ከፋይ 20 ደቂቃ፣ ቡጢው 30፣ ጥያቄ 15። በጀት ላይ የቀረው ሁለት ሜትር ጥቁር ከፋይ ነው።

አዲሷ አባል፦ እሱን ሰርዘው፤ እናቴ ጋ የመጋረጃ ትራፊ አለ። ትንሽ ብል በልቶታል እንጂ።

የመብራት ባለሙያው፦ ብል የበላው በኩል ሌንሱን እናስገባበታለን።