አሠልጣኙ በእረፍት ሰዓት የሚናገረው ለማን ነው?

የማርቆስ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። የእህቴ ልጅ ለትምህርት አሜሪካ ከሄደ ወዲህ የዩኒቨርሲቲውን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ጨዋታ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ ሆነን መከታተል ልማዳችን ሆኗል። እዚያ እኩለ ቀን ላይ የሚጀመረው ጨዋታ በዚህ ወቅት እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ስለሆነ ለጡረተኛ ይመቻል። ሕጉ ገና በቅጡ አልገባኝም፤ በእጅ የሚያዝ ኳስ እግር ኳስ መባሉንም መከራከር ትቻለሁ።

ያልተውኩት አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው አጋማሽ እንዳለቀ ዋናው አሠልጣኝ ወደ መልበሻ ክፍል ሲጣደፍ ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎን ይዛ ታስቆመዋለች። እሱም ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ዓይኑን ከመግቢያው ሳይነቅል፣ «ኳስ መነጠቅ ማቆም አለብን፤ በሦስተኛው ሙከራ ላይ መከላከል አለብን» ብሎ ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ ሰዓት ይዤ ነበር፤ ጥያቄና መልሱ ተደምሮ 30 ሰከንድ አልሞላም። እንዲህ የተጣደፈን ሰው ማስቆም ለማን ይጠቅማል? እሱስ ለምን እሺ ይላል?

የዳንግላው (ቀድሞ በኦሃዮ ነዋሪ)

ጋሼ፣ ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። እሺ የሚለው በአመዛኙ በቴሌቪዥን ውል ስለሚገደድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ «ኮንፈረንስ» በሚባሉ ማኅበራት ተሰባስበው የስርጭት መብታቸውን በጋራ ይሸጣሉ፤ ለምሳሌ ቢግ ቴን የተባለው ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የሰባት ዓመት ውል ተፈራርሟል። ያን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ጣቢያ ደግሞ ጨዋታውን ከማሳየት በተጨማሪ አሠልጣኙን ማናገር ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ አንደኛው አሠልጣኝ ሲገባ፣ ሌላኛው ከእረፍት ሲመለስ ይጠየቃል።

ጊዜ ማባከኑን በተመለከተ፣ የኮሌጅ ጨዋታ እረፍት 20 ደቂቃ ነው፤ በእኛው እግር ኳስ ግን ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። በዚያ ላይ ዋናው አሠልጣኝ ቆሞ ሲናገር ረዳቶቹ የመከላከሉንም የማጥቃቱንም ወገን ለይተው ሥራ ጀምረዋል።

«ሦስተኛው ሙከራ» የሚለውን ባዶ ቃል አያድርጉት። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው፤ በሦስተኛው ካልተሳካለት አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ኳሱን በእግሩ አርቆ ለተጋጣሚው ያስረክባል። ስለዚህ አሠልጣኙ ያንን ሲል «ተከላካዮቼ ከሜዳ መውጣት አቅቷቸው ደክመዋል» ማለቱ ነው። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ የነበረው ኒክ ሳባን በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እየመራም ቢሆን በእረፍት ሰዓት የገዛ ቡድኑን ጥፋት ሲዘረዝር እንሰማው ነበር፤ የሚናገረው ለተመልካቹ ይሁን ለልጆቹ እስካሁን አከራክሮኛል።

ስለ ተጎዳ ተጫዋች ሲጠየቁ ግን ሁሉም አፋቸውን ይለጉማሉ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. የስፖርት ውርርድን ለየክፍለ ግዛቱ ውሳኔ ከተወው ወዲህ፣ ጨዋታው እየተካሄደ እያለ ገንዘብ የሚያስይዝ ሰው በዝቷል፤ «ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው፣ ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) አይመለስም» የምትል አንዲት ቃል ዋጋ ታወጣለች።

የፉት ሜዳ (ባሕር ዳር)

እኔ አሠልጣኝ ነኝ፤ ወጣቶችን ነው የማሠለጥነው። ዝም ማለትን የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጨዋታችን በአካባቢ ሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። በእረፍት ሰዓት ዘጋቢው ቀርቦ ሲጠይቀኝ፣ የልቤን ሁሉ ዘረገፍኩለት፦ የቀኝ ተከላካዬ እግሩን እንደያዘው፣ ተቀያሪ ግን እንደሌለኝ፣ ሌላም ሌላም። ከሜዳው ጥግ አንድ ባጃጅ ሬዲዮውን ከፍቶ ቆሞ ነበር፤ የተጋጣሚያችን ልጆች ደግሞ ከባጃጁ ጥላ ሥር ውሃ ይጠጡ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ኳሱ ሁሉ በቀኛችን በኩል መጣ። 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ዘጋቢውን አልወቅሰውም፤ እሱ ጠየቀ እንጂ ተናገር ብሎ አላስገደደኝም።

የአሜሪካኖቹም ነገር ከዚህ አይለይም። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮሌጆቹ ከፍተኛ ምድብ አሠልጣኙ ከአንድ ተጫዋች ጋር በራስ ቁሩ ውስጥ በተገጠመ ሬዲዮ እንዲነጋገር ተፈቅዷል፤ ጨዋታውን ለማስጀመር 15 ሰከንድ ሲቀር ግን መስመሩ ይቋረጣል። ምስጢሩን በዚያ የሚያስተላልፍ ሰው በማይክሮፎን ምን ይናገር?

የማርቆስ መምህር

የባጃጁ ነገር አሳቀኝም፣ አሳዘነኝም። እንግዲያው የሚናገሩት እንዳይታወቅባቸው ከሆነ ባይናገሩስ? ወይም ረዳት አሠልጣኝ ቢልኩስ?

ማይክ በእጄ (ፍኖተ ሰላም)

መምህር፣ በሬዲዮ የስፖርት ዘጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ለጠያቂዋ ልከራከርላት። በሰኔ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያርሰውን ገበሬ «እግዜር ያበርታህ» ይለዋል፤ ገበሬውም በሬዎቹን ሳያቆም «አሜን፣ ያበርታህ» ብሎ ትልሙን ይቀጥላል። አላፊው ቆሞ «ዘንድሮ ስንት ኩንታል ትጠብቃለህ?» ቢለው ስድብ ይሆናል። ብዙዎቻችን ዘጋቢዎች የምንጠይቀው ግን ይህንኑ ነው፦ «ምን ተሰማህ?»፣ «ለልጆቹ ምን ትላቸዋለህ?»። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ «ጠንክረን እንጫወታለን» ከሚለው የተሻለ መልስ አይገኝም።

የምትችለው ዘጋቢ ሁሉም ሰው ያየውን አንድ ነገር ይዛ ትቀርባለች፦ «በሁለተኛው ሩብ ኳርተርባክህ ደጋግሞ ሲወድቅ በየት በኩል እየገቡበት ነው?» ትላለች። አሠልጣኙ ያንን ሊክደው አይችልም፤ ምስጢርም አይደለም፤ ስለዚህ «ከግራ በኩል፤ ሰው እንጨምራለን» ይላል። ረዳት ይላክ ያሉት ግን አይሆንም። ሰው ማየት የሚፈልገው ውሳኔው በእጁ ያለውን ሰው ነው፤ ፊቱ ራሱ ወሬ ነው። ስቱዲዮ ከገባ በኋላማ ማንም ፊቱን ያስተካክላል።

በነገራችን ላይ ነገሩ ወደ እኛው እግር ኳስም እየመጣ ነው፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከ2025/26 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ጀምሮ በጨዋታ መካከል አጭር ቃለ መጠይቅ ፈቅዷል። ከልምዴ የምነግርዎት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚለውን ይጻፉና የሁለተኛውን አጋማሽ የመጀመሪያ ማጥቃት ብቻ ይመልከቱ።

የማርቆስ መምህር

እንደ መከሩኝ አደረግሁ። ትናንት አሠልጣኙ «ኳሱን ይዘን መሮጥ አለብን» አለ፤ ሲመለሱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሙከራዎች በሙሉ ወረወሩት። ሦስተኛው ተሳካና ነጥብ አገቡ። የእህቴ ልጅ እየሳቀ ደወለልኝ፤ እኔ ግን ደብተሬ ላይ «ባጃጁን አይቶታል» ብዬ ጻፍኩ።