ለፒቲኤስዲ ጭንቅላት ላይ ኮረንቲ? የምታውቁ እስኪ

ትንሿ_እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ፒቲኤስዲ አለበት፣ ከባድ አስፈሪ ነገር ካለፈ በኋላ የሚቀር የአእምሮ ህመም ማለት ነው፣ በር ጓ ካለ ከተቀመጠበት ብድግ ነው፣ ሌሊት ላብ በላብ ሆኖ ይነቃል። ሰርትራሊን የሚባል መድኃኒት ጀምሮ ሆዴን አመመኝ ብሎ ተወው። አሁን ሀኪሙ ቲዲሲኤስ፣ ማለት ጭንቅላት ላይ ደካማ ኮረንቲ የሚሰጥበትን ህክምና፣ እንሞክር ሲለው እማዬ ልጄን ኮረንቲ ሊያስይዙት ነው ብላ እያለቀሰች ነው፣ እኔም የምላት ጠፋኝ።

የነርቭ_ነገር፦
እህቴ እናትሽ የፈሩት ሌላውን ነው፣ ኢሲቲን። እሱ በሰመመን አስተኝተው ሆን ብለው መንቀጥቀጥ የሚያስነሱበት ነው፣ 800 ሚሊአምፒር ገደማ ይሰጣል። ይሄኛው ብዙ ጊዜ 2 ሚሊአምፒር ነው፣ ቁጭ ብሎ እያወራ ይደረግለታል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፒቲኤስዲ ላይ አሚግዳላ የሚባለው የፍርሃት ቦታ ያለ ምክንያት ይጮሃል፣ ከግንባር ጀርባ ያለው "በቃ አልፏል" ብሎ ዝም የሚያሰኘው ክፍል ደግሞ ይዳከማል፣ ታዲያ ኮረንቲዋ እሱን ትንሽ ነቃ ለማድረግ ነው። የሚጥል በሽታ ወይ ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ካለ ግን ቀድሞ ይናገር።

ተርፌያለሁ፦
እኔ ተደርጎልኛል። ሁለት ስፖንጅ ጨው ውሃ ነክረው በላስቲክ ጭንቅላቴ ላይ አሰሩልኝ፣ ሲጀምር ጉንዳን የሄደብኝ ያህል ይበላኛል፣ ከዛ ይለመዳል፣ 20 ደቂቃ ነው። አንድ ቀን ስፖንጁ ደርቆ ማቃጠል ጀመረኝ፣ እኔ ደሞ እንዲህ ነው መሰለኝ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት፣ ግንባሬ ቀልቶ ሰነበተ። ወንድምሽን ካቃጠለህ ዝም እንዳትል በይው። እንቅልፌ ተሻሽሏል ግን ጎን ለጎን ቴራፒም ነበረኝ፣ የትኛው እንደሰራ እንጃ።

ጠርጣራው፦
እሱ ነው ዋናው ጥያቄ። በ2024 የወጣ ጥናት 54 የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮችን ቪአር መነጽር (ቦታው ላይ ያሉ የሚያስመስል) አድርጎ የጦር ሜዳ እያሳየ ለገሚሶቹ እውነተኛውን ለገሚሶቹ የውሸቱን ኮረንቲ ሰጣቸው፣ 25 ደቂቃ ስድስት ጊዜ። ከወር በኋላ እውነተኛውን ያገኙት ላይ ምልክቱ ይበልጥ ቀንሷል። ልብ በሉ ግን ኮረንቲው ብቻውን አልነበረም፣ የሚያስፈራውን ነገር እያዩ ነው የተሰጣቸው። ስለዚህ ወንድምሽ ሀኪሙን አብሮ ምን ቴራፒ አለ ብሎ ይጠይቀው፣ ዝም ብሎ ስፖንጅ ማሰር ከሆነ እኔ አልቸኩልም። ኦንላይን ገዝቶ ቤት መሞከር ደሞ በጭራሽ፣ ቦታው ከተሳሳተ ሌላ ክፍል ነው የምትነካኩት።

ትንሿ_እህት፦
ተባረኩ። ለእማዬ የስፖንጁን ነገር ነገርኳት፣ "እንግዲያው እኔም እገባለሁ፣ ሲደርቅ ውሃ የማደርግለት እኔ ነኝ" ብላለች።