«ኮምፕሌይንት» አቤቱታ ነው ወይስ ቅሬታ?

ጥያቄ፦ እዚህ ለንደን የገዛሁት ፍሪጅ በሦስተኛው ሳምንት ማቀዝቀዝ በማቆሙ ለሻጩ ድርጅት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለመጻፍ ብሞክርም፣ የምጽፈው ሁሉ ወደ ልመና እያዘነበለ አስቸግሮኛል። «ኮምፕሌይንት» የሚለውን ቃል አቤቱታ ብሎ መፍታት ትክክል ነውን? በእንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ውስጥ የሚገቡት «አይ ትረስት» እና «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ» የሚሉት ሐረጎችስ ምን ማለት ናቸው? የምታውቁ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የችግርዎ ምንጭ እንግሊዝኛው ሳይሆን «አቤቱታ» የሚለው ቃል ራሱ ይመስለኛል። አቤቱታ «አቤት» ከሚለው ጥሪ የወጣ ሲሆን፣ የተበደለ ሰው ደጅ ጠንቶ ከበላዩ ላለ ዳኛ ወይም ሹም የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ገና ሲነሳ አንዱን ከታች፣ ሌላውን ከላይ ያስቀምጣል። ቅሬታ ግን «ቅር አለው» ከሚለው የመጣ በመሆኑ ለበላይም፣ ለእኩያም፣ ለበታችም ሊቀርብ ይችላል። ስሞታ ደግሞ የበደለን ሰው ለሌላ ሰው የምንናገርበት ነው። ሻጭና ገዢ በውል የተገናኙ እኩዮች ናቸውና ለሻጩ የሚጻፈው ደብዳቤ የቅሬታ ደብዳቤ ነው። ሻጩ እምቢ ብሎ ጉዳዩ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲሄድ ያን ጊዜ አቤቱታ ይሆናል። የእንግሊዝኛው «ኮምፕሌይንት» ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለሚይዝ ነው የሚያሳስተን።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት ስለተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለአንድ ሱቅ ስጽፍ «በትሕትና እለምናለሁ» የሚለውን የመሥሪያ ቤት አማርኛ እንዳለ ገልብጬ «አይ ቤግ ዩር ካይንድ ኮኦፐሬሽን» ብዬ ነበር። የመጣልኝ መልስ «ዊ አር ሶሪ ዩ ፊል ዚስ ዌይ» የሚል ነበር። ይቅርታ ተጠየቅሁ ብዬ ተደስቼ ነበር፤ ቆይቶ ነው የገባኝ። ሐረጉ «እንዲህ ስለተሰማዎት እናዝናለን» ማለት ብቻ ነው፤ ያዘኑት ለስሜቴ እንጂ ለማሽኑ አይደለም፣ ጥፋትም አላመኑም።

በእርስዎ ጉዳይ ቁልፉ ቃል «ሪጀክት» ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሪታንያ የሸማቾች መብት ሕግ፣ ዕቃው ጉድለት ያለበት ከሆነ ገዢው ከተረከበበት ጊዜ ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ዕቃውን አልቀበልም ብሎ ገንዘቡን የማስመለስ መብት ይሰጠዋል፤ ነገር ግን አልቀበልም ማለቱን ሻጩ በግልጽ እንዲረዳው ማድረግ አለበት። «እባካችሁ አንድ ነገር አድርጉልኝ» የሚል ደብዳቤ ይህን አይናገርም። «አይ አም ሪጀክቲንግ ዘ ፍሪጅ ኤንድ ሪኳየር ኤ ፉል ሪፈንድ» የሚለው ግን ይናገራል፤ ለእኛ ጆሮ ድፍረት ቢመስልም በእነርሱ ዘንድ ጨዋ ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነዎትና ቀኑ ሳያልፍ ይጻፉ። «ሪፈንድ» እና «ኮምፐንሴሽን»ንም አያቀላቅሏቸው፦ የፍሪጁን ዋጋ መልሶ መቀበል የመጀመሪያው ሲሆን፣ ውስጡ ለተበላሸው ሥጋና ወተት የሚጠየቀው ሁለተኛው፣ ማለትም ካሳ ነው።

«አይ ትረስት» ቃል በቃል «አምናለሁ» ይሁን እንጂ፣ በቅሬታ ደብዳቤ ውስጥ «አይ ትረስት ዩ ዊል ሪዞልቭ ዚስ ዊዚን 14 ዴይስ» ሲባል መተማመን ሳይሆን ለስለስ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በአማርኛ «ያለ ጥርጥር ትፈጽሙታላችሁ ብዬ እጠብቃለሁ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል። «አይ አም ዲሳፖይንትድ» የሚለውም እንዲሁ ከመልኩ የከበደ ነው፤ ቁጣን ለመግለጽ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ግን ጉጉት የለበትም፣ «መልሳችሁን እጠብቃለሁ» ማለት ብቻ ነው። ከ«ቱ» በኋላ «ሂሪንግ» እንጂ «ሂር» እንደማይባል ልብ ይበሉ።

ተጨማሪ ከሌላ አባል፦ ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ስለ ሦስተኛው ወገን ግን አንድ ነገር ልጨምር። «ኦምቡድስማን» የሚለው ቃል ከስዊድንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ወኪል ነው። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተቋሙ ሲመሠረት «የሕዝብ እንባ ጠባቂ» ተባለ፤ ውብ ስያሜ ነው፣ ግን ያው እንባ ይዞ የሚመጣ አቤቱታ አቅራቢን ያሳስባል። ብሪታንያ ውስጥ ከባንክ ጋር የተጣላ ሰው ለፋይናንስ ኦምቡድስማን የሚያመለክተው የባንኩ የመጨረሻ መልስ ካላጠገበው ወይም ስምንት ሳምንት ጠብቆ ምንም ካልመጣለት ነው። ፍሪጅ ሻጩን በተመለከተ ግን ይህ ተቋም አይገባበትም።

ስለ መዝጊያው ቃል፣ ደብዳቤው «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብሎ ከጀመረ «ዩርስ ፌይዝፉሊ»፣ በሰው ስም ከጀመረ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ይባላል፤ አሜሪካ ያላችሁ «ሲንሲርሊ» ይበቃችኋል። እኛ «ከሰላምታ ጋር» ብለን ከሥሩ የምንደረድረው ግልባጭ፣ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የደብዳቤውን ግማሽ ጉልበት የሚይዘው እሱ፣ እዚያ ያን ያህል አያስደነግጥም።

አንዳንዶች ደግሞ ደብዳቤውን ለማክበድ ብለው ከላይ «ዊዝአውት ፕሬጁዲስ» ብለው ሲጽፉ አያለሁ። ይህ ሐረግ የሚያገለግለው ለዕርቅ ድርድር ሲሆን፣ በዚያ ድርድር የተባለውን ማንም በማስረጃነት ፍርድ ቤት እንዳያቀርበው ለማድረግ ነው። የቅሬታ ደብዳቤዎ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ መጀመሪያ የሚያወጡት ወረቀት ነውና ሐረጉን ይተዉት።