ትወደናለች ወይስ ታምነናለች? የስልጠና ሐሳባችንን አብረን እንጨርስ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ረቂቁ ደርሷል። ጉዳዩን ታውቁታላችሁ። አዲስ አባል የራሱን ጭልፊት ከመያዙ በፊት ምን ይወቅ፣ ምን ይልመድ፣ ስንት ጊዜስ ከአንጋፋ ሥር ይቆይ የሚለው ነው። ሦስቱም የጭልፊት አሰልጣኞች ክበቦች በአንድ ሰነድ ካልተስማሙ እንዳለፈው ጊዜ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እስቲ ከመግቢያው እንጀምር፣ እንደ ልባችሁ አርሙት፦

"ጭልፊት ከሰው ጋር ጥልቅ የፍቅር ትስስር የምትፈጥር ወፍ ናት። አሰልጣኟን ትወዳለች፣ ታማኝም ናት። ነጻ ሆና በርራ ወደ እጁ የምትመለሰውም ለዚህ ነው።"

ባለቃጭሉ፦
ልጄ፣ ለድካምሽ እግዜር ይስጥሽ። ግን "ትወዳለች" የሚለው ይውጣ። "ታማኝ" የሚለውም አብሮ ይውጣ። ከአዳኝ ወፍ ጋር ስኖር 30 ዓመት አልፎኛል፣ አንዷም ወዳኝ አታውቅም። ይህን የምለው ከፍቶኝ አይደለም። አዲሱ ልጅ ይህን አምኖ ከገባ ወፏን ይጎዳታል ብዬ ስለምፈራ ነው።

ውሻ በመንጋ የሚኖር ፍጡር ነው። ሲቆጡት ይገባዋል፣ ይለማመጣል፣ ይታረቃል። ጭልፊት ብቻዋን የምታድን ናት፣ አለቃ የሚባል ነገር አታውቅም። ብትቆጣት ጥፋቷን አትረዳም፣ የምትረዳው አንተ አስፈሪ መሆንህን ነው። የሁለት ወር ልፋት በአንድ ደቂቃ ቁጣ ገደል ይገባል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት ፔሪግሪን የምትባል ዓይነት ጭልፊት ነበረችኝ። ነፋሱ እየበረታ እንደሆነ እያየሁ ለቀቅኳት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እርግብ ተከትላ ከዓይኔ ራቀች። ያኔ እንደዛሬው ጀርባዋ ላይ የሚታሰር የሬዲዮ መከታተያ አልነበረኝም፣ የነበረኝ ጆሮዬና እግሯ ላይ ያለችው ቃጭል ብቻ። እስኪመሽ ዞርኩ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ቃጭሏ አንዴ ቅጭል አለች። ቀና ብል ከአንድ ደረቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጠራኋት፣ በገመድ ጫፍ የታሰረውን ማባበያ አሽከረከርኩ፣ ንቅንቅ አላለችም። ዛፉ ሥር አደርኩ። ሲነጋጋ መላ ላባዋን ነፋ አድርጋ አራገፈች፣ ቁልቁል አየችኝ፣ ጓንቴን ከፍ ሳደርግ ደግሞ ወረደች። እጄ ላይ ስታርፍ እንባዬ መጣ። እሷ ትበላ ነበር። የመጣችው ናፍቄያት አይደለም። ያ ጓንት አንድም ቀን ባዶ ሆኖ ስላልጠራት ነው። እኔ ትስስር የምለው ይህን ነው።

አዲሷ አባል፦
ጋሼ፣ ታሪኩ ልቤን ነካው። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ እለያለሁ። እኔ ከአንጋፋዬ ጋር ከሆንኩ ገና 7 ወሬ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በተጠጋኋት ቁጥር ወፏ ከጓንቱ ላይ ዘላ በእግሯ ጠፍር ተንጠልጥላ ቁልቁል ትራገብ ነበር። ምንቃሯ ክፍት ነው፣ ዓይኗ ፈጦ እኔ ላይ ነው። ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ቀስ ብዬ ደረቷን ደግፌ እመልሳታለሁ፣ ደግማ ትወድቃለች። አሁን ማታ ማታ እጄ ላይ በልታ ትጠግባለች። ምንቃሯን በጓንቱ ጠርዝ በግራም በቀኝም ትጠርጋለች። አንድ እግሯን ሰብስባ ሆዷ ላባ ውስጥ ትከታለች፣ የታችኛው የዓይን ቆቧ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመጣና ዓይኗን ይከድነዋል። ጠግባለች እኮ! ምግብ ብቻ ቢሆን ለምን ትቆያለች? ይሄንንስ ምን እንበለው?

ባለቃጭሉ፦
መተማመን በይው፣ ልጄ። አንቺ ፊት ዓይኗን ከደነች ማለት ካንቺ ክፉ ነገር አልጠበቀችም ማለት ነው። ለዱር ፍጡር ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ከፍቅር ያነሰ ነው ብለሽም አትዘኚ።

አዲሷ አባል፦
እሺ ጋሼ፣ "መተማመን" ይሁን። ግን አንድ እግሯን ሰብስባ መቆሟ ሰነዱ ውስጥ ይግባልኝ። ጀማሪ ሰው ወፏ እንደተረጋጋች በምን እንደሚያውቅ ማንም አይነግረውም፣ እኔ ራሴ በስንት ጭንቀት ነው የደረስኩበት።

ሐኪሟ፦
ይግባ፣ እኔም እደግፋለሁ። እኔ ግን ስለ ሚዛኑ ላውራ፣ ምክንያቱም በየጊዜው ታመው የሚመጡልኝ ወፎች አብዛኛው ችግራቸው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ "የበረራ ክብደት" ሲባል ወፏን ማስራብ ይመስለዋል። አይደለም። ጠግባ ያደረች ወፍ ዛፍ ላይ ወጥታ ልትቀር ትችላለች፣ የተራበች ደግሞ ጉልበት የላትም፣ ትጮሃለች፣ ትቆጣለች፣ በብርድ ቀን ልትሞትም ትችላለች። ትክክለኛው ክብደት ጤነኛና ጠንካራ ሆና ሳለ ሥጋ ስታይ ልቧ የሚነሳበት ነው። እሱም ከወፍ ወፍ ይለያያል። በአየሩ ይለወጣል፣ ጡንቻ ስታወጣም ይጨምራል። ሜርሊን የምትባለዋ ትንሿ ጭልፊት 200 ግራም አካባቢ ናት። ለሷ 15 ግራም መቀነስ ለአንድ የ70 ኪሎ ሰው ከ5 ኪሎ በላይ በአንዴ እንደመቀነስ ነው።

አንድ ልጅ ያመጣትን ወፍ አልረሳትም። "በደንብ አበላታለሁ" አለኝ። ጭራዋን ዘርግቼ ወደ ብርሃን ሳነሳው በሁሉም ላባ ላይ፣ በአንድ ከፍታ፣ በምላጭ የተጫረ የመሰለ ቀጭን መስመር አለ። የረሃብ መስመር የምንለው ይሄ ነው። ላባው እያደገ ሳለ ምግብ ሲጎድልባት ወይም ክፉኛ ስትጨነቅ የዚያ ቀን ጉድለት ላባው ላይ ታትሞ ይቀራል። በዚያ መስመር ላይ ነው ላባው ኋላ የሚሰበረው። እስከሚቀጥለው የላባ ቅያሪ ድረስ ይዛው ትዞራለች። ልጁ ክፉ አልነበረም። አልመዘናትም፣ አልጻፈም፣ በቃ።

ስለዚህ የዕለት መዝገብ ግዴታ ይሁን። የጠዋት ክብደት፣ የበላችው ዓይነትና መጠን፣ የኩሷ መልክ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ላባና አጥንት ጠቅልላ የምትተፋትን እንክብል መትፋቷ። እንክብሏን ሳትተፋ ሌላ ምግብ አይሰጣትም። ከዚህ ጋር ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ደረቷን በጣት መዳሰስ ይካተት። ሚዛን ሊበላሽ ይችላል። የደረት አጥንቷ እንደ ቢላ ስለት ከተሰማህ ግን ቁጥሩ ምንም ቢል ወፏ ከስታለች።

ፈጣኑ ክንፍ፦
መዝገቡ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። የኔ ጭንቀት ጊዜው ነው። ረቂቁ ሁለት ዓመት ይላል። የክበባችን ወጣቶች ይሄን ሲያነቡ ሁለት ዓመት የሰው ወፍ ማረፊያ ሲጠርጉ ሊኖሩ ነው ብለው ይሸሻሉ። ሸሽተውም አይቀሩም፣ ያለ ማንም ምክር ወፍ ገዝተው ይይዛሉ። ያ ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ዓመት ይበቃል ባይ ነኝ።

ባለመዝገቡ፦
ወንድሜ፣ ስጋትህ ትክክል ነው፣ ግን ሁለት ዓመቱን ከሰማይ አላመጣነውም። በአሜሪካ ሕግ ጀማሪ ቢያንስ 2 ዓመት ከልምድ ያለው ሰው ሥር ይቆያል፣ የጽሑፍ ፈተናውንም ቢያንስ 80 ከመቶ አምጥቶ ማለፍ አለበት። ልዩነቱ ግን እዚያ ጀማሪው በነዚያ ሁለት ዓመታት የራሱን ወፍ ይይዛል፣ አንጋፋው ከጎኑ ነው። እኛ ያቀላቀልነው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ደግሞ መግቢያው ላይ ሙያው ከየት እንደመጣ ሁለት መስመር ይግባ። ጭልፊት ማሰልጠን በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 በ11 አገሮች ጥያቄ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ቁጥራቸው 24 ደርሷል። ለኔ ከዚህ የሚበልጠው ግን የፔሪግሪኗ ታሪክ ነው። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ የእንቁላሏን ቅርፊት አሳስቶት እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ነበር። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ጨርሳ ጠፋች። እ.ኤ.አ. በ1970 ወፏን ለማዳን ፔሪግሪን ፈንድ የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት ቶም ኬድ ራሳቸው ጭልፊት አሰልጣኝ ነበሩ። በሰው እጅ አራብቶ ጫጩቶቹን ወደ ዱር የመልቀቁ ዘዴም የተወሰደው ከዚሁ ከኛ ሙያ ነው። ከ4,000 በላይ ወፎች ተለቀቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ፔሪግሪን በአሜሪካ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው እንስሳት ዝርዝር ወጣች። ሰዎች እኛን ወፍ አሳሪ አድርገው ሲያዩን ይህን ማስታወስ አለብን። ለወፏ የሆነ ነገር የመለስነው በእጃችን ስለምናውቃት ነው።

ፈጣኑ ክንፍ፦
የአሜሪካውን አላወቅኩም ነበር። እንደዚያ ከሆነ እንዲህ ብንከፍለውስ? የመጀመሪያው ዓመት ያለ ወፍ፣ አንድ ሙሉ የአደን ወቅትና አንድ ሙሉ የላባ ቅያሪ እስኪያይ። ሁለተኛው ዓመት የራሱን ይዞ፣ አንጋፋው መዝገቡን በየሳምንቱ እያየለት። ይሄን ለልጆቹ ማስረዳት እችላለሁ።

ሐኪሟ፦
በጣም ጥሩ። በተለይ የላባ ቅያሪው። እነዚያ ወራት ላይ ወፏ አትበርም፣ ፎቶም አትነሳም፣ የሚቀረው ማብላትና ማጽዳት ብቻ ነው። ሰውዬው ያኔም በየጠዋቱ ከመጣ ለወፍ ይሆናል።

ጸሐፊዋ፦
እኔም ተስማምቻለሁ። አሁን የቀረችው ከባዷ አንቀጽ ናት። ስለ መለያየት። ሰው ይታመማል፣ ይሰደዳል፣ ሥራ ይለውጣል። ወፏ ምን ትሁን?

እጅ አሳዳጊ፦
በእርባታ ላይ ያለሁ ስለሆንኩ እኔ ልመልስ። "ወደ ዱር ትለቀቅ" ብላችሁ በደፈናው እንዳትጽፉ። ከጫጩትነቷ ጀምሮ ሰው ብቻ እያየች ያደገች ወፍ ራሷን ሰው አድርጋ ነው የምታየው። ሌላ ጭልፊት አታውቅም፣ ሰው ባየች ቁጥር ለምግብ ትጮሃለች፣ ትልቅ ስትሆን ደግሞ ሰው ልታጠቃ ትችላለች። እሷን መልቀቅ መግደል ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣች ዝርያ ወይም ድቅል ከሆነችም ክልክል መሆን አለበት። ከዱር ተይዛ የሰለጠነች ግን ሌላ ናት። የዱር አዳኝ ወፎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያ ዓመታቸውን አይጨርሱም። ያን ክፉ ክረምት ከሰው ጋር አሳልፋ፣ አደን ጠንቅቃ፣ ወፍራ ብትለቀቅ ዕድሏ ይሰፋል። የሞንጎሊያ ካዛኮች ከዓመታት በኋላ ንስራቸውን ይለቃሉ፣ ሄዳ እንድትወልድ። አንድ ቀን እንደምትሄድ እያወቁ ነው በየቀኑ የሚመግቧት። እኔ ስለዚያ ሳስብ ሁሌም እጄን ይከብደኛል።

ስለዚህ ሁለት መንገድ ይጻፍ። የዱር ከሆነች በሐኪም ታይታ፣ በአደን ወቅት መጨረሻ፣ ጠፍሯና ቃጭሏ ወጥቶ ትለቀቅ። በእርባታ ያደገች ከሆነች የሚረከባት ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በስም ተጽፎ ይቀመጥ። ተረካቢ የሌለው ሰው ወፍ አይሰጠው።

ባለቃጭሉ፦
ይህ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል። ለሁለቱ ወፎቼ ተረካቢ ጽፌ አላውቅም ነበር። ዛሬ ማታ እጽፋለሁ።

ጸሐፊዋ፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እንግዲህ መግቢያውን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

"ጭልፊት ለሰው ቃል አትገባም። በለቀቅናት ቁጥር መሄድ ትችላለች። የምትመለሰው ጓንቱ አታሏት፣ እጁም አስፈራርቷት ስለማያውቅ ነው። ይህን መተማመን የመጠበቅ ሸክሙ ሙሉ በሙሉ የሰውየው ነው። ስለዚህ ይህ ሰነድ ከወፏ ምንም አይጠይቅም፣ ሊይዛት ከሚፈልገው ሰው ነው የሚጠይቀው።"

የመዝገቡን ቅጽ ሐኪሟ ታዘጋጅ፣ የተረካቢውን እጅ አሳዳጊ፣ የሁለቱን ዓመት አከፋፈል ፈጣኑ ክንፍ። የመረጋጋት ምልክቶቹን አዲሷ አባላችን ትጻፍልን፣ ያየችውን እንዳየችው። እስከ ዓርብ ማታ ከደረሰኝ ቅዳሜ ለሦስቱም ክበቦች እልካለሁ። ጋሼ፣ የዛፉን ታሪክ በአባሪነት ባስገባውስ?

ባለቃጭሉ፦
አስገቢው፣ ልጄ። ነፋሱን ግን እንዳትተዪው። እያየሁ እንደለቀቅኳት ይጻፍ።